በአይሱዙ የመጣ ተረኛ

ዋቅቶላ ኤጀታ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም። የቤት ቁልፍ ይሁን የሣጥን፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሰጠው። ተቀባዩ ጨብጦ እስኪይዝም ጣቱን አያላላም። ልጁ ናዝሬት ይህን ስለምታውቅ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የበሩን ትርፍ ቁልፍ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትወረውርለታለች። ቁልፉ ተንሸራቶ ከጨው ዕቃው ጋር ይጋጫል። አባቷ ከክፍሉ ሆኖ ይሰማል። የምትወረውረውም እንዲሰማ ነው።

ሁለቱ የሚኖሩት ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ናዝሬት መገናኛ አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አላገባችም። ዋቅቶላ ሰባን ተሻግሯል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጋሽ ዋቅቶላ ይለዋል። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ስለ ጉልበቱ ይጠይቁታል፤ ስለ ሥራው የሚጠይቀው የለም። የባቡር ሰው እንደነበር የሚያውቁ አሉ። ሐሮ ጨፌን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም። አይፈረድባቸውም። ጣቢያዋ አሁን የለችም።

ሐሮ ጨፌ ከአዋሽ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ ነበረች። ከድሮው ሐዲድ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ጥጥ እርሻ የሚገነጠለው እዚያ ነው። ቢጫ ግድግዳ፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ በብረት እግሮች ላይ የቆመ የውኃ ታንከር፣ አንድ የኒም ዛፍ። ከዚያ ውጭ ያለው አቧራና ግራር ነው። ባቡር በሌለበት ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮኽባትም። ባቡር ሲቆም ግን ሳምቡሳው፣ ሐብሐቡ፣ የግመል ወተቱ፣ ጫቱና ከጅቡቲ የመጣው ሽቶ ሁሉ ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ መስኮቱ ሥር ይደርሳል። ሻጮቹ በአፋርኛ ይማማላሉ፣ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ በአማርኛ ይሰዳደባሉ። ሠራተኛው ደግሞ ከፈረንሳዮቹ ዘመን በተረፈ ልማድ እርስ በርሱ «ሼፍ»፣ «አለቃ» ለማለት፣ ይባባላል። አለቃውም ሼፍ፣ ጠራጊውም ሼፍ።

ዋቅቶላ የመገንጠያው ቁልፍ ያዥ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሐዲዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ላይ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ቆሟል። ዘንጉ ወዲህ ሲሳብ ባቡሩ ዋናውን መስመር ይይዛል፤ ወዲያ ሲገፋ ወደ ጥጥ እርሻው ይታጠፋል። ተሳስቶ ከተገፋ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ቅርንጫፉ ላይ የቆሙትን ፉርጎዎች ይበላቸዋል። ስለዚህ ዘንጉ ይቆለፋል። ቁልፉም አንድ ሰው ወገብ ላይ ይታሰራል። ያ ሰው ተረኛው መጥቶ ሳይረከበው ከጣቢያው አይወጣም።

ተረኛው ደግሞ የሚመጣው በባቡር ብቻ ነው። ይህ የሐሮ ጨፌ ሰዎች የራሳቸው ደንብ ነበር። ከዋቅቶላ በፊት በነበሩት ሰዎች ዘመን አንድ ተረኛ ባቡር አምልጦት በበቅሎ አቋርጦ መጣ ይባላል። ቁልፉን ተረከበ። ጎርፍ ከጣቢያዋ በላይ ያለውን ሐዲድ ከሥሩ አጥቦት እንደነበር አላየም፤ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ቀጥሎ የመጣው ባቡር ወንዝ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ሐዲዱን ራሱ ሄዶበት ካልመጣ ቁልፍ አይሰጠውም። ርክክቡም በቃል ነው።

«በምን መጣህ?»

«በላዩ መጣሁ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንካ።»

ይህች ብቻ ናት። ዋቅቶላ ወጣት ሆኖ ሲቀጠር አስተምረውት፣ እሱም ገመዳን አስተማረው። ገመዳ ተረኛው ነበር፤ ቀልደኛ፣ አጭር፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ የአሰላ ልጅ። እየተፈራረቁ አንዱ ሲገባ ሌላው በመጣው ባቡር ይወጣል። ስለዚህ ለዓመታት ጓደኛሞች ሆነው የተያዩት በር ላይ ነው።

የዋቅቶላ ሚስት ሥርጉት የየካ ልጅ ናት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐሮ ጨፌ ተመድባ መጣች፤ ሻጮቹን ከኒሙ ዛፍ ሥር ፊደል አስቆጠረች፤ ዘመቻው ሲያልቅ ሳትመለስ ቀረች። ዘመዶቿ ያኮረፉት ከባቡር ሰው ጋር ቀረች ብለው አይደለም። ውኃ በሌለበት ቀረች ብለው ነው። ናዝሬት እዚያው ተወለደች። አድጋ ጣቢያዋ ላይ ያለው ትምህርት ሲያልቅባት እናቷ ይዛት ወደ የካ ተመለሰች፤ ከወንድሟ ግቢ አንድ ክፍል አገኘች፤ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም መሸጥ ጀመረች። ዋቅቶላ ተረኛው በገባ ቁጥር በባቡር ይመጣል፤ ይዞት የሚመጣው ሐብሐብ ነው። ናዝሬት ልጅ ሳለች አባት ማለት ሐብሐብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይመስላት ነበር።

ከዚያ ባቡሩ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጥጥ ፉርጎ ቀረ። እርሻው ከሰረ ተባለ። ቀጥሎ የመንገደኛው ባቡር አንዴ መጥቶ አንዴ የሚቀር ሆነ። አንድ ማክሰኞ መምጣት የነበረበት ሳይመጣ ቀረ። እሮብም አልመጣም። ተዘግቷል ያለ ሰው የለም፤ እንዳይባልም የስልኩ ሽቦ ተሰርቋል። የጣቢያው አለቃ «ዋናው ቢሮ ጠይቄ እመጣለሁ» ብሎ በጨው መኪና ሄደ፤ አልተመለሰም። ትኬት ቆራጩ ሄደ። ሻጮቹ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። በጣቢያዋ ላይ ዋቅቶላና የኒም ዛፉ ቀሩ።

ተረኛው ገመዳ ነበር። የሚመጣውም በሚቀጥለው ባቡር ነበር።

ዋቅቶላ ጠበቀ። ዘንጉን ቅባት እየቀባ፣ ሐዲዱ መሐል የበቀለውን እየነቀለ፣ ከአስፋልቱ ውኃ በጀሪካን እያመላለሰ ጠበቀ። ደመወዙ ቀረ። አላፊ አግዳሚው እብድ ነው አለው። እብድ አልነበረም። ባቡሩ መጥቶ ዘንጉ ያለ ቁልፍ ያዥ ቢገኝ የሚሆነውን በዓይኑ ያይ ነበር። የማያየው ባቡሩ የማይመጣ መሆኑን ነው።

በዚያው ዓመት ሥርጉት ታመመች። ሆዷ ተነፋ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ናዝሬት እናቷን ለአጎቷ ትታ መሄድ ስላልቻለች ኮተቤ ወርዳ ገመዳን ፈለገች። እሱ ባቡር እንደማይመጣ ከገባው ቆይቶ አንድ ጋራዥ ዘበኛ ሆኖ ነበር። «አባቴን አምጣልኝ» አለችው። ገመዳ ወደ ቆላ የሚወርድ የሽንኩርት አይሱዙ ላይ ተሳፈረ።

ሐሮ ጨፌ ሲደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ዋቅቶላን ከዘንጉ አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። ዩኒፎርሙን ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል።

«ሼፍ፣ በቃ፣ ዘግተውታል። ሥርጉት ታማለች። ልጅቷ ናት የላከችኝ። ተነሥ እንሂድ።»

ዋቅቶላ ተነሣ። አቧራውን አራገፈ።

«በምን መጣህ?»

ገመዳ የሚቀልድ መሰለው። «በሽንኩርት» አለ።

«በምን መጣህ አልኩህ።»

«በአይሱዙ ነዋ። ባቡር ያለህ መስሎህ ነው?»

«ሐዲዱን አላየኸውማ።»

«ሐዲዱ ላይ ፍየል ነው የሚሄደው፣ አንተ ሰውዬ። ሚስትህ ታማለች እኮ ነው የምልህ። ቁልፉን ስጠኝና እኔ እቀመጥልሃለሁ። ካስፈለገ ከፍየሉ ጋር እቀመጣለሁ።»

እጁን ዘረጋ። ዋቅቶላ ቀኝ እጁን ወገቡ ላይ፣ ቁልፉ ላይ አደረገ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

«ባቡር ሲመጣ ና» አለው ዋቅቶላ።

ገመዳ ለጥቂት ጊዜ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ከዚያ ሽንኩርቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ዋቅቶላ ያን ቀን ስላሰበው ነገር ኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ሥርጉት ጠንካራ ናት፣ ትድናለች ብሎ ነበር። ደግሞም ቁልፉን በአይሱዙ ለመጣ ሰው ከሰጠ፣ ከዚያ በፊት የጠበቀው ሁሉ ምን ሊባል ነው? ይህን ያኔ በቃል አላሰበውም። እጁ ነው ያሰበው።

ሥርጉት ሞተች። የካ ሚካኤል ተቀበረች። ዋቅቶላ የሰማው ከፍየል ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ የሰማው ሾላ ከሚሸጡ ሴቶች ነው፤ መርዶውን የነገረው የፍየል ዋጋ እየተናገረ መሐል ላይ ነው። ያን ጊዜም አልተነሣም። የተነሣው ብረት ቆራጮች በጭነት መኪና መጥተው ሐዲዱን ሲነቅሉ ነው። ጮኸባቸው። ሳቁና ውኃ ሰጡት። ጋዛቸውን ለኩሰው ዘንጉን ከሥሩ ቆረጡት፣ ጫኑት፣ የጣቢያዋን የስም ሰሌዳ አወረዱ። ቁልፉ የሚከፍተው ነገር ሲጠፋ ዋቅቶላ ወደ አስፋልቱ ወርዶ አውቶቡስ ያዘ።

የሥርጉት አርባ ወጥቶ ድንኳኑ ፈርሷል። የአጎቷን ግቢ በር የከፈተችው ናዝሬት ናት። ከል ለብሳለች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ወገቡ ላይ ቁልፉን አየች።

«ባቡሩ መጣ?» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ብላው አታውቅም፤ እርስዎ ነው። ጎረቤቶች ጨዋ ልጅ ይሏታል። አጎቷ ሲሞት ዕጣ ወጥቶላት ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገባ ይዛው ገባች፤ ታበላዋለች፣ መድኃኒቱን ትገዛለታለች፣ ልብሱን ታሳጥባለች። ቁልፉን ከእናቷ ፎቶ ሥር ምስማር መትቶ ሲሰቅለው «ከዚህ ያንሱት» አለችው። አላነሣውም። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ባለፈው ዓመት ገመዳ አንድ ወጣት ይዞ መጣ። ገመዳ አርጅቷል፤ ፍንጭቱ ሰፍቶ ጥርሶቹ ራሳቸው ወልቀዋል። ወጣቱ እንድርያስ ይባላል። እንጦጦ ጫፍ፣ ከፓርኩ አለፍ ብሎ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው።

«ሼፍ፣ ተቀመጥና ስማ» አለ ገመዳ። «ይህ ልጅ ጣቢያችንን ተራራ ላይ አውጥቶታል። እግዜር ከቆላ ወደ ገነት አዛወረን በለው።»

እንድርያስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። ቢጫ ግድግዳ፣ ቀይ ቆርቆሮ፣ አንድ አሮጌ ፉርጎ፣ አጭር ሐዲድ። ከበሩ በላይ ሰሌዳው፦ ሐሮ ጨፌ። ቆርቆሮ ተራ ነው ያገኘሁት አለ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ሌጀንድ ነዎት። ጋሽ ገመዳ ስለ ቁልፉ ሲነግረኝ ፀጉሬ ነው የቆመው። የመክፈቻው ቀን ያንን ርክክብ እንድታደርጉልኝ ነው። ትክክለኛውን፣ ልክ እንደ ድሮው። ሰው ይወደዋል።»

«ተረኛው ማን ነው?»

«ጋሽ ገመዳ ነዋ።»

«በምን ይመጣል?»

እንድርያስ ገመዳን አየ። ገመዳ ጣሪያውን አየ።

«በባቡር» አለ እንድርያስ። «ፉርጎውን ከኋላ በትራክተር እንገፋዋለን። ትራክተሩ በቪዲዮ አይታይም።»

ዋቅቶላ በልቡ አሰላው። በሐዲድ ላይ ነው። ተረኛው ገመዳ ነው። ፉርጎው የእውነት ፉርጎ ነው። ባለፉት ዓመታት ሁሉ ይህንን ያህል የቀረበ ነገር አልመጣለትም። «እሺ» አለ።

ያን ዕለት ናዝሬት ከሥራ ስትገባ ቆሞ ጠበቃት።

«ቅዳሜ ቁልፉን ላስረክብ ነው። እንጦጦ። ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

«ለማን ነው የሚያስረክቡት?»

«ለተረኛው።»

ምስማሩን አየች፤ ከምስማሩ በላይ እናቷን አየች።

«ከዚህ ቤት የሚወጣ ከሆነ እመጣለሁ» አለች።

ለእሱ ይህ በቂ ነበር። ቁልፉ በደንቡ ከእጁ ሲወጣ ካየች፣ የጠበቀው ነገር ኖሮ እንደነበር ይገባታል ብሎ ነው። ከዚያ ምናልባት ሾላ ስትሄድ አብሮአት ይሄዳል። ምናልባት ጠዋት ቁልፍ በእጁ ትሰጠዋለች። ከዚህ የበለጠ አልተመኘም። ዩኒፎርሙን ራሱ ተኮሰ።

ቅዳሜ እንጦጦ ብርድ ነበር። ባሕር ዛፉ ይጮኻል፤ ብስክሌት የተከራዩ ልጆች ወደ ፓርኩ ያልፋሉ። እንግዶቹ ጃኬታቸውን ደርበው ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል። ናዝሬት ከባለታክሲው ጋር ሒሳብ ስትጨርስ ዋቅቶላ ቀድሟት ወደ በሩ ሄደና ቆመ።

ዘንጉ እዚያ ነበር። የራሱ ዘንግ። ቀይ ቀለም ተቀብቶ በሲሚንቶ ተተክሏል፤ መያዣው ላይ የአበባ ማሰሮ ተንጠልጥሎበታል። ሥሩ በጋዝ የተቆረጠበት ጠባሳ ከቀለሙ በታች ይታያል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ወዲህ ቢሳብ ወዲያ ቢገፋ የሚለወጥ ነገር የለም። ዋቅቶላ እጁን ከፍ አድርጎ መልሶ አወረደ።

«አባባ፣ ዝግጁ ነን» አለ እንድርያስ።

ትራክተሩ አጓራ። ፉርጎው እየተንቃጨለ መጣ፤ ገመዳ ኮፍያ አድርጎ በበሩ ብቅ ብሏል። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ፉርጎው ቆመ። ገመዳ ወረደ። ፊት ለፊት ሲቆሙ የገመዳ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«በምን መጣህ?» አለ ዋቅቶላ።

ገመዳ ኮፍያውን አስተካከለ።

«በላዩ መጣሁ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንካ።»

ቁልፉ አለፈ። ዋቅቶላ ጣቱን አላላ። እጁ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ይህን እጅ እንዲህ ባዶ ሆኖ ካየው ብዙ ዘመን ነው።

«በጣም አሪፍ» አለ እንድርያስ። «አንዴ እንድገመው። ፀሐዩ ከፊት ሆኖብን ነው።»

«አይደገምም» አለ ዋቅቶላ፤ ናዝሬትን ፈለገ።

ከዘንጉ አጠገብ ቆማ ነበር። ወደነሱ መጣች። መጀመሪያ የሳመችው ገመዳን ነው።

«ጋሽ ገመዳ፣ ያን ጊዜም እርስዎ ነበሩ የሄዱት።»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«ቁልፉን ጠይቀዋቸው ነበር?»

«እጄን ዘርግቼ።» ገመዳ መሬት መሬት አየ። «ተይው አሁን።»

ወደ አባቷ ዞረች። ድምፅዋ የመድኃኒት አወሳሰድ ስታስረዳ እንደሚሆነው ነው።

«ያኔ እሳቸው በአይሱዙ መጡ። ዛሬ በትራክተር። ልዩነቱን ይንገሩኝ።»

«ሐዲድ አለ» አለ ዋቅቶላ።

ሐዲዱን አየችው። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ይነሣና ወጥ ቤቱ በር ላይ ያልቃል። እሱም አብሮአት አየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መጨረሻውን አላየም ነበር።

«ለካ መስጠት ይችላሉ» አለች።

ጃኬቷን ዘግታ ወደ መንገዱ ወጣች። ከእንግዶቹ አንዷ ለፎቶ ከእሱ ጋር ልትቆም መጥታ ፊቱን አይታ ተመለሰች።

እንድርያስ የተቆጣ አልነበረም። ለቀጣዩ ቅዳሜ ይደረጋል አለ፤ በየሳምንቱ ሊያደርገው አስቧል፤ ለሁለቱም ሻይና ምሳ አዘዘ። ሲቀመጡ ገመዳ ቁልፉን ዘረጋለት።

«እንካ፣ ሼፍ። ለቅዳሜ ያስፈልግሃል ተብሏል።»

ዋቅቶላ እጁን አላነሣም። ገመዳ ጠበቀ፤ ክንዱ ደከመውና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አስተናጋጇ መጣች፤ በጨርቋ ገፋ አድርጋው የሻዩን ብርጭቆ አኖረች።

ዋቅቶላ ሻዩን ሳይነካ ተነሣ። ቁልፉን አላየውም። ታክሲ የለም፤ የመጡት ሁሉ በእንግዶች ሞልተው ወርደዋል። ጉልበቱ ቁልቁለቱን አይችልም። ገመዳ ተከትሎት ወጣ፤ መንገዱ ዳር ባዶ የለስላሳ ሣጥን የጫነ አይሱዙ ሊነሣ ነበር። ሹፌሩን በመስኮት አነጋገረው። በኮተቤ አድርጎ በሲ.ኤም.ሲ ያልፋል።

ገመዳ በሩን ከፍቶ ያዘለት።

«ሐዲድ የለውም» አለ። «ትወጣለህ ወይስ ትጠብቃለህ?»

ዋቅቶላ ወጣ።

ኮንዶሚኒየሙ ደርሶ ደረጃውን እየዘለቀ በየፎቁ አረፈ። የበሩ ትርፍ ቁልፍ ትናንት ጠዋት የተወረወረበት ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ አላነሣውም ነበር። አንኳኳ። የናዝሬት እግር ሲመጣ ተሰማው። በሩ ጋ ቆመ። በሩ አልተከፈተም።

«በምን መጡ?» አለች ከውስጥ።

ዋቅቶላ ኮፍያውን አወለቀ።

«በአይሱዙ።»

ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩን እስከ ግድግዳው ገፋችው።

«አዩ» አለችው። «በአይሱዙ ለመጣም ይከፈታል።»

ተመልሳ ወደ ክፍሏ ገባች። ዋቅቶላ ኮፍያውን ይዞ እደጁ ቆሞ ቀረ።